‹መስኮት› ስለሚለው ቃል አመጣጥና ትርጉም

በሙያችን ውስጥ በየዕለቱ ከምንጠራቸው ቃላት አብዛኞቹ የመጡበትን አገር በድምፃቸው ይናገራሉ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ላሜራ፣ ብሎኬትና ቡሎን ከኢጣልያንኛ የወሰድናቸው ናቸው። ሚስማር ከዐረብኛ ነው። «መሐንዲስ» የሚለው መጠሪያችን እንኳ ሳይቀር በፋርስኛ «ልክ» ማለት ከሆነ ቃል ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። በዚህ ዐይነት የሕንፃ ሥራ ቋንቋችንን አንድ በአንድ ብንመረምረው የተበዳሪ መዝገብ ሆኖ እናገኘዋለን። በመበደር የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ዕቃ ከነስሙ መምጣቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ወዲያኛው ገጽ፣ ማለት ባበደርነው በኩል፣ የተጻፈ ነገር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። አለ። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያለው፣ ዛሬም ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ ድረስ በየዕለቱ የሚነበብ ቃል ነው። ይኸውም «መስኮት» ነው።

ለዚህ ጥያቄ ያነሣሣኝ ለሥራ ጉዳይ ወደ መርካቶ፣ ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ መመላለሴ ነው። ሰፈሩ ራሱ የቃላት ሙዚየም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «መርካቶ» በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የቀረልን የኢጣልያንኛ ቃል መሆኑን የማያውቅ የለም። «አንዋር» ደግሞ በዐረብኛ «ኑር» ማለት ብርሃን የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ብርሃናት እንደ ማለት ነው። ከመስጊዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በመካከላቸውና በዙሪያቸው የጨርቅ፣ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የቀለም ነጋዴዎች አሉ፤ ከዚያም ወጣ ሲሉ «የብረት በርና መስኮት እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በላሜራ ላይ ጽፈው የሰቀሉ የብየዳ ቤቶች ይታያሉ። በዚህ ሰፈር ውስጥ «መስኮት» የሚለው ቃል በሁለት መልኩ፣ በአማርኛም በዐረብኛም፣ በየቀኑ እንደሚነገር ሳውቅ ነገሩን ጠለቅ ብዬ ልመረምረው ወሰንኩ።

በቅድሚያ የሌላው ዓለም ሕዝብ ይህንኑ ዕቃ ምን ብሎ እንደ ጠራው ማየቱ ይጠቅመናል። ምክንያቱም መስኮት ለልዩ ልዩ ሕዝብ ልዩ ልዩ ነገር ነበር፤ ሰው ስም ሲያወጣለት ከሥራው ሁሉ መርጦ አንዱን ያነሣል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዐይንን አስበዋል። የጥንቶቹ ኖርሶች «ቪንድአውጋ» አሉት፤ «የነፋስ ዐይን» ማለት ነው። ጭሱ እንዲወጣ በጣራው ወይም በግድግዳው ላይ ተከፍቶ ይተው ለነበረው ቀዳዳ የሚስማማ ስም ነው። እንግሊዞች «ዊንዶው» የሚሉት፣ ዴንማርኮች «ቪንዱ» የሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው፤ አይሪሾችም ቋንቋቸው ከሌላ ወገን ሲሆን ቃሉን ከኖርሶች ወስደዋል። እንግሊዞች የኖርሱን ቃል ከመቀበላቸው በፊት በራሳቸው ቋንቋ «የዐይን ቀዳዳ» ይሉት ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቲክ ቋንቋ የመለሰው ዉልፊላም «የዐይን በር» የሚል ቃል ተጠቅሟል። ጀርመኖች፣ ሆላንዶችና ስዊድኖች ግን የጥንቱን ስም ትተው «ፌንስተር»፣ «ቬንስተር»፣ «ፎንስተር» እያሉ «ፌኔስትራ» የሚለውን የላቲን ቃል ይዘው ቀሩ። እነሆ የአንድ ወገን ቋንቋዎች በአንድ ዕቃ ስም ለሁለት ተከፈሉ፤ ከፊሉ የራሱን ጠበቀ፣ ከፊሉ ከሮም ተበደረ። ሩስያኖችም «ኦክኖ» ሲሉ «ኦኮ» ከሚለው የጥንት የዐይን ስም አውጥተውት ነው።

ወደ ሴማውያን ቋንቋዎች ስንመለስ እንዲሁ የተለያየ አሳብ እናገኛለን። ዕብራይስጥ «ሐሎን» ይላል፤ የተበሳ ነገር ማለት ነው። ዐረብኛ ብዙ ስም አለው፤ «ናፊዛ» ወዲያ ዘልቆ የሚያልፍ፣ «ሹባክ» የተጠላለፈ ፍርግርግ፣ «ኩዋ» በግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ክፍተት ነው። ግዕዝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ «መስኮት» አለ።

የቃሉ አሠራር ለግዕዝ ደንብ የተመቸ ነው። በመጀመሪያ ያለው «መ» የቦታና የመሣሪያ ስም የሚያወጣው ባዕድ ፊደል ነው፤ በመጨረሻ ያለው «ት» የስም ምዕላድ ነው። ሁለቱን ስናነሣ የሚቀረው ሥር «ሰ-ከ-ወ» ይሆናል፤ ደካማው «ወ» ከ«ት» ጋር ሲገናኝ ወደ «ኦ» ተለውጦ «ኮት» የሚለውን ድምፅ ሰጥቷል። የሴማውያን ቋንቋ ሊቃውንት ይህን ሥር በአራማይክ መመልከት፣ አሻግሮ ማየት፣ መጠበቅ የሚል ትርጉም ካለው «ሰካ» ከሚለው ግሥ ጋር ያዛምዱታል። እንግዲያው መስኮት ማለት «መመልከቻ» ማለት ነው። የነፋስም የጭስም አይደለም፤ የዕይታ ቦታ ነው። ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንድ ሌላ ቃል እዚህ ላይ ላንሣ። በግዕዝ «ኀተወ» ማለት በራ ማለት ነው፤ ከእርሱም በተመሳሳይ ቅርጽ «ማኅቶት» ይወጣል፤ መብራት ማለት ነው። መስኮትና ማኅቶት በአንድ ቅርጽ ማውጫ የፈሰሱ ሁለት ቃላት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በቅዱስ ቁርኣን በ24ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ አን-ኑር፣ 35ኛው አንቀጽ ላይ የአምላክ ብርሃን በመብራት ይመሰላል። መብራቱ በብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ «ሚሽካት» በተባለ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ ስፍራ በቀር ሌላ ቦታ አይገኝም። ዐረቦቹ ራሳቸው ትርጉሙን ለማስረዳት ከጥንት ጀምሮ ማብራሪያ ሲሰጡበት ኖረዋል። በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሞተው ዝነኛ የቁርኣን ተርጓሚ ሙጃሂድ ቃሉ በሐበሾች ቋንቋ «ኩዋ» ማለት፣ የግድግዳ ክፍተት ማለት፣ እንደ ሆነ መናገሩ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪም በታላቁ የሐዲስ መድበላቸው ውስጥ፣ ስለዚሁ ምዕራፍ በተጻፈው ክፍል፣ ይህንኑ አሳብ ከሌላ የጥንት ሊቅ ጠቅሰው አስፍረዋል። በ12ኛው መቶ ዘመን ወደ ዐረብኛ የገቡ የውጭ ቃላትን የሰበሰቡት አል-ጀዋሊቂ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1505 ያረፉት ግብፃዊው አስ-ሱዩጢ ቃሉን ከሐበሻ ወገን መድበውታል። አስ-ሱዩጢ ስለ ሐበሾች ክብር ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል።

ይህ አመዳደብ ያለ ክርክር ያለፈ እንዳይመስለን። ቁርኣን በጥሩ ዐረብኛ የወረደ መሆኑ በራሱ በመጽሐፉ የተነገረ ስለ ሆነ፣ ኢማም አሽ-ሻፊዒ በውስጡ የባዕድ ቃል አለ መባሉን አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ923 ያረፉት አጥ-ጠበሪ ደግሞ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ቃል ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ መገጣጠማቸው አንዱ ከሌላው መውሰዱን አያረጋግጥም የሚል አቋም ነበራቸው። ከሁሉም ይልቅ ለእኔ አጥጋቢ ሆኖ የታየኝ የአቡ ዑበይድ አል-ቃሲም አስታራቂ አሳብ ነው። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ838 ያረፉ ሲሆኑ፣ እንደ እርሳቸው አባባል ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል፤ ቃላቱ በመነሻቸው የውጭ ናቸው፤ ነገር ግን ዐረቦች ቀደም ብለው ወስደው በአንደበታቸው አስማምተዋቸው ስለ ነበረ፣ መጽሐፉ ሲወርድ ቀድሞውኑ ዐረብኛ ሆነው ነበር። የዛሬ ዘመን የቋንቋ ሊቅ ስለ ብድር ቃል ከዚህ የተሻለ ነገር መናገሩን እጠራጠራለሁ። እኛም «ሲሚንቶ» የአማርኛ ቃል አይደለም ብንባል የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ነገሩን የያዙት ከቃሉ አካል ተነሥተው ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው የጥናት መጽሐፍ፣ አርተር ጄፍሪም እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ቁርኣን የውጭ ቃላት ባወጣው መዝገብ፣ «ሚሽካት» ከግዕዙ «መስኮት» የመጣ መሆኑን ተቀብለዋል። ማስረጃው በሁለት ፊደል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው «ዋው» ነው። «ሚሽካት» በቁርኣን የጥንት አጻጻፍ መጨረሻው ላይ በአሊፍ አይጻፍም፤ በዋው ይጻፋል እንጂ። «ሶላት» የሚለውም ቃል እንዲሁ በዋው ነው የሚጻፈው፤ ይህን ቃል አራማይክ «ጽሎታ»፣ ግዕዝ «ጸሎት» ይለዋል። እንግዲህ በዐረብኛው አጻጻፍ ዋው በቆመበት ቦታ በእኛ ቋንቋ «ኦ» አለ፤ ጸሎትና ሶላት፣ መስኮትና ሚሽካት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግንኙነቱ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው «ሽ» ነው። በግዕዝ ሁለት «ሰ» እንዳለን፣ እሳቱ «ሰ»ና ንጉሡ «ሠ»፣ የተማርነው ሁሉ ነው፤ ዛሬ በአነጋገር አንለያቸውም እንጂ ጥንት የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። ንጉሡ «ሠ» ባለበት ቃል ዐረብኛው ዘወትር «ሽ» ይላል። «ዐሠርቱ» ስንል እነርሱ «ዐሸራ» ይላሉ፤ «ሠረቀ» ስንል «ሸረቀ» ይላሉ። ስለዚህ በ«ሚሽካት» ውስጥ ያለው «ሽ» መስኮት የሚለው ቃል በጥንቱ አንደበት በንጉሡ «ሠ» ይነገር እንደ ነበር ያስጠረጥራል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የዋውን ያህል ክብደት አልሰጠውም።

ቃሉ ብቻውን አልተጓዘም። ዐረብኛ ለክርስቶስ ደቀ መዛሙርት የሚሰጠው «ሐዋሪዩን» የሚለው ስም ከ«ሐዋርያ»፣ «ማኢዳ» የሚለው የገበታ ስምም ከ«ማእድ» የመጣ መሆኑን እነዚሁ ሊቃውንት ጽፈዋል። ነገር ግን ሐዋርያ የሃይማኖት ቃል ነው፣ ማእድም የግብዣ ነው። ከሕንፃ ሥራ የተወሰደው መስኮት ነው፤ ለሙያችን ማኅበር አባላት ጉዳዩ ልዩ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት «ሚሽካት»ን ሲፈቱ «ወዲያ የማይዘልቅ ኩዋ» ይላሉ። ማለት በግድግዳ ውስጥ የተቦረቦረ፣ ፊቱ ክፍት ጀርባው ድፍን የሆነ፣ መብራት የሚያስቀምጡበት ጎድጓዳ ስፍራ ነው። የእኛ መስኮት ግን ስሙም እንደሚመሰክረው አሻግሮ የሚያሳይ ነው። ታዲያ የዕይታ ቦታ እንዴት ድፍን ሊሆን ቻለ? በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለው ርቀት የቃሉን ዝምድና አያጠራጥርም ወይ?

ይህን ጥያቄ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ከአንድ አዛውንት ጋር በተነጋገርን ጊዜ ያገኘሁት መልስ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የቀለለ ነበር። በወጣትነታቸው ቁርኣን ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። «ሐጂ፣ ሚሽካት ማለት በአማርኛ ምን ይሉታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ድፍን መስኮት ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ድፍን ከሆነ እንዴት መስኮት ይባላል ብዬ ብከራከር፣ «እናንተ መሐንዲሶች ስትደፍኑት ስሙ ይጠፋል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

አዛውንቱ በቀልድ የተናገሩት ነገር በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እነዚያ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሐውልቶች የብዙ ፎቅ ሕንፃ አምሳል ናቸው። ከግርጌ በር አላቸው፤ የበሩ መዝጊያ ሳይቀር ተቀርጿል። ከዚያ በላይ በየፎቁ መስኮት ተደርድሮባቸዋል። ወድቆ የተሰባበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሲሆን 13 ፎቅ ተቀርጾበታል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ የቆመው 24 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ከኤኖ ሊትማን ጋር ወደ አክሱም የመጣው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ዳንኤል ክሬንከር እነዚህን ቅርጾች እየለካ በማንሣት የጥንቶቹ አናጢዎችና ግንበኞች አሠራር እንዴት እንደ ነበር ከድንጋዩ ላይ ለማንበብ ችሏል። የመስኮቶቹ ክፈፍ በአራቱም ማዕዘን የወጡ የሰረገላ ጫፎች አሉት፤ ውስጣቸው ግን ድንጋይ ነው። አንዱም መስኮት አይከፈትም፤ በአንዱም በኩል ማንም ወዲያ አይመለከትም። ይሁን እንጂ ከመስኮት በቀር ሌላ ስም ሊሰጣቸው የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

ይህ ልማድ በአክሱም ብቻ አላበቃም። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስን ግድግዳ የተመለከተ ሰው ሁለት ረድፍ መስኮት ያያል፤ በላይኛው ረድፍ ያሉት 12ቱ ብርሃን ያስገባሉ፤ በታችኛው ረድፍ ያሉት 9ኙ ግን ድፍን ናቸው። ጠራቢዎቹ ከአለቱ ላይ ክፈፉን አውጥተው ውስጡን አልበሱትም። በሐረር ከተማ ቤቶችም የግድግዳው ውፍረት እየተቦረቦረ መጻሕፍት፣ ሳህንና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ስፍራ ይሠራል፤ ቅርጹ የመስኮት ሆኖ ጀርባው ድፍን ነው። እንግዲያው በአገራችን የሕንፃ ልማድ ውስጥ «መስኮት» ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ነበር፤ ክፍቱም ድፍኑም። ዐረቦች ቃሉን ሲቀበሉ ለክፍቱ የራሳቸው ስሞች ስለ ነበሯቸው ለድፍኑ አዋሉት ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም። አዲስ ቃል በሰው ቤት የሚያገኘው ቦታ ባዶ ሆኖ የቆየውን ነውና።

ቃሉ መቼና በማን አንደበት ቀይ ባሕርን ተሻገረ? መንገዶቹ ብዙ ነበሩ። ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ወደ የመን ዘምቶ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ አብርሃ በዚያ ነግሦ በሰንዓ ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱን የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የመካ ነጋዴዎችም ወደ አክሱም ይመላለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ደግሞ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ ተሰደዱ። ከእነርሱም ጋር የነበሩት ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ በሐበሻ ምድር ስላዩት በሥዕል ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ማውራታቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። ስደተኞቹ የሰውን ደግነት ብቻ ሳይሆን የሕንፃውንም መልክ አስታውሰው ተመልሰዋል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጥ ክርክር ያስነሣው ግን የካዕባ ጉዳይ ነው። የመካን ታሪክ በ9ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አል-አዝረቂ እንደሚተርከው፣ ካዕባ እ.ኤ.አ. በ608 ገደማ፣ ማለት ከእስልምና መነሣት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እንደ ገና ተሠርቶ ነበር። እንጨቱ የተገኘው በጅዳ አቅራቢያ በባሕር ዳር ከተሰበረ መርከብ ነው፤ ሥራውን የመራውም ባቁም የሚባል አናጢ ነው። ግድግዳው 31 ረድፍ ነበረው፤ 16ቱ የድንጋይ፣ 15ቱ የእንጨት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተፈራረቀ። ይህን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ግንበኛ ብናነብለት የት እንዳየው ወዲያው ይነግረናል። የደብረ ዳሞ ገዳም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ አኳኋን የተገነባ ነው፤ በላስታ በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ ነው። በድንጋዩ መካከል ሰረገላ ይጋደማል፤ ሰረገላውን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እርሱንም «የዝንጀሮ ራስ» እንለዋለን። የሙስሊሞችን ሥነ ሕንፃ ታሪክ በሰፊው ያጠናው እንግሊዛዊው ክሬስወል እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አመሳስሎ፣ ባቁም የሚለው ስም የእኛው «ዕንባቆም» ሊሆን እንደሚችል፣ አናጢውም ሐበሻ ሳይሆን እንደማይቀር ተከራክሯል።

እዚህ ላይ ብሔራዊ ስሜት ሚዛናችንን እንዳያዛባው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አል-አዝረቂ ራሱ ባቁምን «ሩሚ» ይለዋል፤ ይህም በዐረቦች አነጋገር የቢዛንታይን ሰው ማለት ነው። ባቁም በግብፅ ለሚዘወተረው «ጳኩሚስ» ለሚለው ስምም ይቀርባል። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ መገንባትም በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ጥበብ አይደለም፤ መሬት በሚናወጥባቸው አገሮች ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል። እኔ በበኩሌ ማስረጃውን እንደ ሦስት የመሠረት ንጣፍ ነው የማየው። «ሚሽካት» ከ«መስኮት» መውጣቱ ጽኑ አለት ነው፤ የጥንት ሙስሊም ሊቃውንትም የኋለኞቹ ተመራማሪዎችም ከሁለት አቅጣጫ መጥተው እዚያው ላይ ተገናኝተዋል። የትርጉሙ ከክፍት ወደ ድፍን መለወጥ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ይሸከማል፣ ነገር ግን ብዙ መጫን አይገባም። አናጢው ሐበሻ ነበር የሚለው ግን ገና ናሙና ያልወጣለት መሬት ነው፤ ፎቅ አይሠራበትም። ቢሆን ደስ የሚለኝ መሆኑን አልደብቅም።

ቃሉ አንዴ ዐረብኛ ከሆነ በኋላ የሄደበት መንገድ ከእኛ እጅ የወጣ ነው። የብርሃኑ አንቀጽ በሙስሊሞች ዘንድ እጅግ የተወደደ በመሆኑ ሊቃውንቱ ብዙ ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ታላቁ አል-ገዛሊ ስለዚሁ አንቀጽ የጻፉትን መጽሐፍ «ሚሽካት አል-አንዋር» ብለው ሰየሙት። አንባቢ እንደሚያስተውለው የመጽሐፉ ርእስ ሁለተኛ ቃል የሰፈራችን ስም ነው፤ በግዕዝ እንመልሰው ብንል «መስኮተ ብርሃናት» ይሆናል። በ14ኛው መቶ ዘመን የተዘጋጀውና እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚጠናው የአት-ተብሪዚ የሐዲስ መድበልም «ሚሽካት አል-መሳቢሕ» ይባላል፤ «የመብራቶች መስኮት» ማለት ነው። በዚያው ዘመን በካይሮና በደማስቆ ለመስጊዶች ይሠሩ የነበሩት በቀለም የተዋቡ የብርጭቆ ፋኖሶች አብዛኛውን ጊዜ ይኸው አንቀጽ ይጻፍባቸው ነበር፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ይታያሉ። መብራቱ ሲበራ ጽሑፉም አብሮ ይበራል። ቀደም ብዬ መስኮትና ማኅቶት በአንድ ቅርጽ ማውጫ የፈሰሱ ቃላት ናቸው ያልኩትን አንባቢ እዚህ ላይ ያስታውስልኝ፤ በዐረብኛው አንቀጽ ውስጥ አንዱ ሌላውን አቅፎ ተገኝቷል።

በአገር ቤት የቀረው መስኮት ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። በየመሥሪያ ቤቱ «መስኮት ቁጥር 3» ስንባል ወዲያ ማየት የማይቻልበትን፣ ብዙ ጊዜም ወዲያ ያለው ሰው የማይታይበትን ቦታ ነው የሚያመለክቱን። «በቴሌቪዥን መስኮት» ስንል ደግሞ ጀርባው ድፍን የሆነ፣ ከውስጡ ብርሃን የሚወጣ ሣጥን ማለታችን ነው፤ ሳናውቀው ከዐረብኛው ትርጉም ጋር ተገናኝተናል። እኛ በሥዕላችን ላይ መስኮትን በወለል ስፋት መቶኛ እናሰላዋለን፤ ለአየርና ለብርሃን ይህን ያህል ይበቃል እንላለን። ዕይታን የምናሰላበት ቀመር የለንም፤ ቃሉ በመጀመሪያ የተናገረው ግን ስለ እርሱ ነበር።

በመርካቶ በአሮጌዎቹ ሱቆች ቦታ የመስታወት ግድግዳ ያላቸው ሕንፃዎች በየዓመቱ ይቆማሉ። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ሱቅ ሰፊ መስኮት አለው። ሥራው ተጠናቅቆ ነጋዴው በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን የአቡጀዲው ጥቅል፣ የጫማው ካርቶን፣ የብርድ ልብሱ እስር እስከ ጣራው ይደረደርና መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል። ከውጭ ሲያዩት ክፈፉ አለ፣ መስታወቱም አለ፤ ከውስጥ ግን በእኩለ ቀን ከዕቃው መካከል አንድ አምፑል ይበራል። በአንዋር መስጊድ ሰፈር ይህን ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ጋር አንሥቼ፣ ለመስኮቱ ያወጣው ገንዘብ ከንቱ መቅረቱን ባስረዳው፣ «ኢንጅነር፣ እኔ መብራቱ ይበቃኛል» አለኝ፤ እየተነጋገርንም ጥቅሎቹን እስከ ክፈፉ ጫፍ ድረስ ይደረድር ነበር።